ካፊያ

የካሜራዬ ሴንሰር የትንሽ ጣት ጥፍር፣
ብርሃን የሚቀዳ በጠርሙስ ክዳን ስፍር።
አቪነር ሌንስ አለው፣ ሙቀጫ የሚያህል፣
በሦስት እግሩ ቆሞ ጨለማን የሚከፍል።
«አንቺም ግዢ» ይለኛል፣ ዋጋውን ሳይነግረኝ።
ዋጋውን አውቃለሁ፤
የስድስት ወር ሌሊት ጥበቃ ነው።

ከቤት ሸአን በታች፣ ከዓሣ ኩሬዎቹ መሐል፣
ፀሐይ ከጊልቦዓ ጀርባ ስትጠልቅ፣
ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ፣ ፈረቃዬ ሳይገባ፣
የሸምበቆ ድመት ትወጣለች።
አመድ መልክ፣ ረጅም እግር፣
ጅራቷ ላይ ሁለት ሦስት ቀለበት።
እሷ የምትመጣው ብርሃኑ ሲሄድ ነው፤
ሁለቱን አንድ ቀን አገናኝቼ አላውቅም።

ቁጥሩን ከፍ አደረግሁ፤ አራት መቶ፣ ስምንት መቶ፣
ጆሮዋ ብቅ አለ ከጨለማው ወጥቶ።
ደግሞ ከፍ አደረግሁ፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ፣
ድመቷን በላብኝ የትንኝ መንጋ መጥቶ፣
ቀይ ትንኝ፣ ሰማያዊ ትንኝ፣
ጤፍ የተበተነበት ጥቁር ነጠላ መሰለኝ።
ፎቶ አንሺዎቹ ይህን «ጫጫታ» ይሉታል።
ድምፅ በሌለው ነገር ውስጥ ጫጫታ!
መጀመሪያ ሳቅሁ።
ኋላ አባቴን አየሁት።

አባቴ ይስማው ይባላል።
ስም አውጪው ምን ያውቃል!
አፉላ ክሊኒክ በሰጡት ማዳመጫ፣
የኔ ቃል ሲጠፋው በጣቱ ከፍ ያደርገዋል፤
ያን ጊዜ ፍሪጁ ያገሣል፣
ማንኪያው ነጎድጓድ ይሆናል፣
የላይኛው ቤት ቧንቧ እኛ ዘንድ ወርዶ ያወራል፣
የኔ ድምፅ ያው ነው፣ ከመሐላቸው ይሰምጣል።
«አትጩሂ» ይላል፣
«ጩኸቱ በዛ እንጂ ቃሉ መች በዛ?
ቅረቢኝ።»

ቀረብሁ።
ባንድ ቀን አይደለም። በየማታው ሁለት እርምጃ፣
አንዳንዴ አንድ፣ አንዳንዴ ወደኋላ።
ሌንሱን ማስረዘም ተውሁ፤
ሲረዝም ብርሃኑ ያጥራል፣ የኔ ዓይነቱ እንዲህ ነው።
የምስር ከረጢት አጥሩ ላይ አንጥፌ
ካሜራውን እንደ ጨቅላ አስተኛሁት።
መዝጊያውን አዘገየሁ፤ የሴኮንድ አንድ ሃያኛ፣
ለድመት ዘላለም ነው፣ ለኔ የትንፋሽ ዳኛ።
አሥራ አንድ ማታ ጭራ ብቻ አነሣሁ፤
ጭራ፣ ጭጋግ፣ የሸምበቆ ሽውታ፣
አንድ ማታ ደግሞ ምንም፣ የአቪነር መኪና መብራት።

በአሥራ ሁለተኛው፣
አይጥ ሳር ውስጥ ተንኮሻኮሸች መሰለኝ፣
ድመቷ ቆመች።
እግሯን አንሥታ እንደያዘች፣
ሁለመናዋ ጆሮ ሆኖ፣
ሰማዩ ላይ የቀረው የብርቱካን ልጣጭ የሚያህል ብርሃን
ጢሟ ላይ አርፎ።
እሷም አልተነፈሰችም፣ እኔም።
ቀጭ።

ቤት ስገባ ሥዕሉ አሁንም ይንጫጫል፤ ያነሰ፣ ግን ይንጫጫል።
ኮምፒዩተሩ ጫጫታ የሚያጠፋ መግፊያ አለው።
ወደ ቀኝ ገፋሁት፦ ሰማዩ ጸዳ፣ ውሃው ረጋ፣
እንደገና ገፋሁት፦ ጢሟ ጠፋ።
የሳሙና ድመት፣ በውሃ ተለስልሳ ያለቀች።
ገለባውን ላበጥር ብዬ እህሉን ደፋሁት።
መለስሁት፣ ቀስ እያልሁ፣
አንድ፣ ሁለት፣ አምስተኛው የጢም ዘንግ እስኪታየኝ፣
ከዚያ እጄን አነሣሁ። የቀረው ብናኝ የሷ ነው።

በመዳፍ ልክ አሳተምሁት፤ ከዚያ ካደገ ይጮሃል።

አባቴ ይዞት መስኮት ዳር ሄደ፣
ባንድ ዓይኑ ሞራ አለ፣ በሌላው ያዘነብላል።
አራቀው። አስጠጋው።
ብዙ ቆየ።
«እግሯን ያነሣችው ልትረግጥ ነው ልትመለስ?»
አላውቅም።
«ደግሞ ካፊያ ነበር እንዴ?»

ከሚያዝያ ወዲህ ጠብታ ያላየ ሸለቆ፣
ጥቅምት ገብቶም ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ።
ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አውልቆታል።
ስለዚህ ተነሥቼ ሄድሁ፣
አፌን ወደ ጆሮው አስጠጋሁ፣
«ትንሽ» አልሁት፣
በሹክሹክታ።
ሰማኝ።